የሳቂታ ወንበር

«ኡትኬያሬ!» ብለው ተጣሩ ቲቸር።

ሚጢጢ አንገቷን ደፍታ ድምፅዋን ጎርነን አደረገች። «ሊነጋ ሲል ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ጭንቀት!»

«ጎበዝ ልጄ» አሉ ቲቸር፣ ከሚጢጢ አጠገብ ወዳለው ባዶ ወንበር ፈገግ ብለው።

ከኋላ የታፈነ ሳቅ ተሰማ። የእንግሊዝኛ አስተማሪያቸውን ዓይን ሞራ ጋርዶታል፤ ተማሪን የሚያውቁት በድምፁ ነው። ስምም አይጠሩም። ዓመቱ ሲጀመር ለእያንዳንዱ ተማሪ እንግሊዞች ራሳቸው የረሱትን አንድ አሮጌ ቃል አደሉ፤ ቃሉ ሲጠራ ባለቤቱ ፍቺውን ከመለሰ ተገኝቷል ማለት ነው። «ቃል የሚሞተው ጠሪ ሲያጣ ነው» ይላሉ። ከሚጢጢ ኋላ ለሚቀመጠው ለወሬኛው የደረሰው ስከሪፈንጅ ነበር፤ እንግዳ በር ላይ ሲደርስ ቤት ለማሰናዳት መራወጥ። «ይሄማ አልሞተም፣ እኛ ቤት ነው ያለው!» ብሎ ክፍሉን አስቋል።

ኡትኬያሬን ግን ለምና የወሰደችው ሳቂታ ናት። ያቺ ስትስቅ ግድግዳ የምታስቅ ልጅ፣ «እሱ የኔ ነው» አለች። ማንም ለምን ብሎ አልጠየቃትም፤ የልብ ጓደኛዋ ሚጢጢ እንኳ።

ባለፈው ሳምንት ሳቂታ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ክንዷን ይዛ አስቆመቻት።

«ትንሽ ቀን ልፎርፍ ነው። ክፍል ውስጥ አንቺ መልሺልኝ። ለእማዬ እናንተ ቤት እያደርኩ እንደማጠና ነግሬያታለሁ።»

«የት ልትሄጂ ነው?»

«አክስቴ ጋ። በሞቴ፣ ለማንም እንዳትተነፍሺ!»

ከዚያ ወዲያ የውሃ ሽታ ሆነች። ስልኳም ዝግ ነው።

ቲቸር ለባዶው ወንበር ፈገግ ባሉበት ቀን ከትምህርት ቤት ስትወጣ የሳቂታ እናት ሚጢጢን መንገድ ላይ አግኝተው አቅፈው ሳሟትና፣ «አስቸገረቻችሁ አይደል? በርቱ፣ አጥኑ» አሏት።

«ኧረ ምንም አይደል እትዬ» አለች ሚጢጢ። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ፈራች። ሳቂታን የሚፈልጋት አንድም ሰው እንደሌለ የገባት ያኔ ነው። እናቷ ከሚጢጢ ጋር ናት ይላሉ፤ ቲቸር ወንበሯ ላይ ናት ይላሉ።

በማግስቱ ሰማዩ ጠቁሮ ክፍሉ በጠዋቱ መብራት ያስፈልገው ነበር። ሚጢጢ ቆርጣለች፤ አትመልስም። ዝም ካለች ቲቸር ራሳቸው ይጠይቃሉ፤ እሷም አሳበቀች አትባልም።

«ኡትኬያሬ!»

ጥርሷን ነከሰች።

«ሊነጋ ሲል ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ጭንቀት።»

ድምፁ ከአጠገቧ ነው የመጣው። ጎርነን ያለ፣ የሳቂታ ድምፅ። ሚጢጢ ዞር አለች፤ ወንበሩ ባዶ ነው።

«ድምፅሽ ደከመ ልጄ» አሉ ቲቸር ወደ ወንበሩ። «በርዶሻል?»

ወሬኛው ከኋላ ጠጋ ብሎ፣ «አቦ፣ ዛሬማ ቁርጥ እሷን!» አላት።

«እኔ አፌን አልከፈትኩም።»

«እና ወንበሩ ነው የተናገረው?» ሳቀ። ፊቷን ሲያይ ግን ሳቁን ተወው።

ቲቸር መጥራታቸውን ቀጠሉ። ሚጢጢ ምናልባት ሳላውቀው እኔው ተናግሬ ይሆናል ብላ ለማመን ሞከረች። ከንፈሯን ዳሰሰችው፤ ደርቋል። በሞቴ ብላኝ የለ፣ እንዴት አድርጌ እናገራለሁ?

«ፌች!» አሉ ቲቸር።

የራሷ ቃል ነው። ፍቺውን ዓመቱን ሙሉ ሳትፈራው ስትመልስ ኖራለች፦ ሰውየው ሌላ ቦታ ሳለ የሚታይ የገዛ አምሳሉ። የድሮ ሰዎች፣ የሚመጣው ባለቤቱ ሊሞት ሲል ነው ይሉ ነበር።

ሚጢጢ ተነሥታ ቆመች።

«ቲቸር፣ ሳቂታ የለችም። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ የምመልስላት እኔ ነኝ።»

ቲቸር ፊታቸውን ቀስ ብለው ከባዶው ወንበር ወደ እሷ መለሱ። «ቅድም የመለሰችውስ?»

ሚጢጢ ወደ ወንበሩ አላየችም። ስልኳን ከቦርሳዋ አወጣች።

«መጀመሪያ ለእናቷ ልደውል» አለች።