ሳይታረም የጠፋው ፈተና

ፖስታው የለም።

የካቶሊክ ቁምስናዋ መነኩሲት ሲስተር የቢሮዋን መሳቢያ ሦስት ጊዜ ከፍታ ዘጋችው። ከአንድ ሰዓት በፊት የአሥራ አራት ሰው የፈተና ወረቀት አሽጋ ያስቀመጠችው እዚያ ነበር። አሁን ያለው አንድ ማኅተምና ሁለት እስክሪብቶ ብቻ ነው።

"ኢንስፔክተሩን ጥሩልኝ!" አለች።

ኢንስፔክተሩ ጡረታ ከወጣ ሁለት ዓመቱ ነው። ዕድሜውን ከሌባ ጋር ሲተናነቅ ኖሮ፣ አሁን ለሕፃናት ትምህርተ ክርስቶስ በበጎ ፈቃድ ላስተምር ብሎ በቁምስናው ከሚሰለጥኑት አሥራ አራት ሰዎች አንዱ ሆኗል። እውነቱን ለመናገር፣ የፖስታውን መጥፋት ሲሰማ ውስጡ ትንሽ ደስ ብሎታል። ፈተናው ላይ ስለ ቤተ ክርስቲያን ምሥጢራት የተጠየቀውን እንዳልሆነ አድርጎ ነው የመለሰው።

"አሥር ሰዓት ላይ የሀገረ ስብከቱ መኪና ይመጣል" አለች ሲስተር። "ወረቀቱ ካልሄደ ምስክር ወረቀት የለም። ምስክር ወረቀት የሌለው ደግሞ ዘንድሮ ክፍል አይገባም። ደንቡን ያውቁታል።"

"ማንን ጠረጠሩ?"

"ልብስ ሰፊውን። ስድስት ወር ሙሉ ፈተና ለምን አስፈለገ እያለ ሲያጉረመርም ነው የከረመው። ዛሬም በሃያ ደቂቃ አስረክቦ ውልቅ አለ። ስሙን ከዝርዝሩ ልሰርዘው ነው።"

"እስክሪብቶዎን ለጊዜው ይክደኑት" አለ ኢንስፔክተሩ።

ልብስ ሰፊው ግቢው ውስጥ፣ ከዘበኛው ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ወሬው ቀድሞ ደርሶት ፊቱ ጠቁሯል።

"በምሳ ሰዓት የት ነበርክ?"

"እዚሁ።"

"ምን ስትሠራ?"

"የዘበኛውን ኮት ስሰፋ።"

"ማን አየህ?"

"ኮቱ!"

ዘበኛው እየሳቀ ኪሱን ገልብጦ አሳየ። ክሩ አዲስ ነው። ሰዓቱን ሙሉ ከቢሮው በር ፊት ለፊት ተቀምጠው ሲያወሩ ነበር፤ በዚያ በር ድመት እንኳ አልገባችም።

ቢሮው ግን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚከፈት ሁለተኛ በር አለው። ሰልጣኞቹ ምሳ ከበሉበት አዳራሽም ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚያስገባ የጎን በር አለ። የቤተ ክርስቲያኑ ትልቁ በር ደግሞ በምሳ ሰዓት ይቆለፋል። ሌባው ከሰልጣኞቹ መካከል የተነሣ ሰው ነው ማለት ነው።

"ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተለየ ነገር አይተሃል?" ሲል ዘበኛውን ጠየቀው።

"ምንም። ደግሞ እግዜር ይስጥልኝ፣ መብራቷን ስላበሩልኝ።"

"የቷን መብራት?"

"የቅዱስ ቁርባኑን ነዋ፣ ቀን ከሌት የምትበራዋን! ስድስት ሰዓት ላይ ሻማዋ አልቆ ጠፍታ ነበር። ኮቴ ይሰፋልኝና እለውጣለሁ ብዬ፣ ሰባት ሰዓት ላይ ብገባ በርታ አገኘኋት። እርስዎ ነበር የመሰሉኝ።"

ኢንስፔክተሩ ገብቶ አያት። ጥላ ባጠላበት ጥግ፣ ቀይ ብርጭቆ ውስጥ ያለች ትንሽ ነበልባል ናት። ስድስት ወር ሙሉ በፊቷ ሲንበረከክ ትብራ ትጥፋ ልብ ብሎ አያውቅም። አዳራሽ ተመልሶ ሰልጣኞቹን አንድ በአንድ ጠየቀ። መጥፋቷን ያየ የለም፤ ያበራትም የለም። አንድ ሰው ብቻ አቀርቅረው ቦርሳቸውን ወደ ጭናቸው ሳቡ።

እማማ ነበሩ። ሠላሳ ዓመት ሕፃናትን ለመጀመሪያ ቁርባን አዘጋጅተዋል፤ የቁምስናው ግማሽ ሰው የእጃቸው ሥራ ነው። አዲሱ ደንብ ሲመጣ እንደ ጀማሪ ከሰልጣኞቹ ጋር ተቀመጡ። ጠዋት ኢንስፔክተሩ እጁን ቢዘረጋላቸው ዝም ብለው አልፈውት፣ ምን አስቀየምኳቸው ሲል ነው ያረፈደው። አሁን ነገሩ ገባው።

ሄዶ አጠገባቸው ተቀመጠ።

"እማማ፣ መብራቷን ለምን አበሯት?"

"ጠፍታ እያለ ትቼያት ልለፍ እንዴ?" አሉ ፈጥነው። ያሉት የገባቸው ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ነው። ጭናቸው ላይ ያለውን ቦርሳ ጨብጠው ያዙ።

"ዓይንዎን ካመመዎት ስንት ጊዜ ሆነ?"

"ሁለት ዓመት አለፈው፣ ልጄ። ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው የምለየው። እዚያ ቤት ውስጥ የምሄደው ያቺን መብራት ይዤ ነው። ሳጣት ጊዜ ክው አልኩ።"

"ወረቀቱስ?"

"ሲስተር ጥያቄዎቹን ጮክ ብላ ስታነብ ሁሉንም አውቃቸዋለሁ። ጻፍኩ። ግን መስመሩ መስመር ላይ እየወጣ እንደሆነ ታውቆኛል። ያንን ካየች ልጆቹን ትወስድብኛለች። የራሴን ለይቼ እንዳላወጣ አላየውም፤ ሁሉንም ወሰድኩት። አልከፈትኩትም፣ የሰው ነገር ነው።"

ፖስታውን ከቦርሳቸው አውጥተው ሰጡት። እሽጉ አልተነካም።

ሲስተር ተጠርታ መጣች፤ ፖስታውን ከፍታ የእማማን ወረቀት አወጣች። ቀለም በቀለም ላይ ተደራርቦ አንድ ቃል አይነበብም። ብዙ ጊዜ አየችው። እንባዋ መጣ፤ በእጅጌዋ ጠረገችው። ከዚያ ባዶ ወረቀት ይዛ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች።

"እርስዎ ይመልሱ፣ እኔ እጽፋለሁ። ፖስታውን መውሰድዎንም ግን እጽፋለሁ። የሚወስነው ሀገረ ስብከቱ ነው።"

"ጻፊው" አሉ እማማ።

ጀመሩ። ያለማቋረጥ መለሱ፤ የሲስተር እጅ ሊደርስባቸው አልቻለም። ኢንስፔክተሩም ስለ ምሥጢራት ምን ማለት እንደነበረበት ያኔ ሰማ። ውጭ የመኪና ጥሩንባ ሲነፋ አንድ ጥያቄ ቀርቷል።

"'አትስረቅ' የሚለውን ትእዛዝ ለስምንት ዓመት ልጆች እንዴት ያስተምራሉ?"

እማማ ቦርሳቸውን ከጭናቸው አንሥተው ወንበሩ ላይ አኖሩ። ጥሩንባው እንደገና ተነፋ።

"ጠዋት ሌላ ነገር ነበር የጻፍኩት" አሉ በመጨረሻ። "አሁን ግን ዛሬ ያደረግሁትን እነግራቸዋለሁ። የሰረቀ ሰው ይመልሳል፤ በሱ ጥፋት የተጠረጠረውን ሰው ደግሞ ይቅርታ ይጠይቃል እላቸዋለሁ።" ተነሥተው ቆሙ። "ያ ልብስ ሰፊ የት አለ?"

ልብስ ሰፊው ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ፣ ፊት ለፊታቸው ቆሞ ነበር።