በ249 የሚጀምር ጥሪ

አዛናውን የተዋወቅሁት በቁጣ ነው። እኔ፣ አየሁሽ፣ መተማ ዮሐንስ ላይ ሰሊጥ እመዝን ነበር። የትራክተር ሹፌሩ አዛናው ጆንያውን አውርዶ እግሩን ሚዛኑ ላይ ረሳው።

«እግርህን አንሳ! አንተንም ልመዝንህ?»

«መዝኚኝ... ልኬን ልወቀው።»

ሳቅሁ። በቃ፣ አለቀልኝ!

በ2009 ሰኔ ላይ ድንበር ጥግ ወዳለ እርሻ ሄደ። «ኔትወርክ ባገኘሁበት እደውላለሁ» አለኝ። አልደወለም።

በዚያው ሳምንት ሞባይል ሻጩ ቢሻው ብዙ ሰው በሚከተለው የፌስቡክ ገጹ ምክር ለጠፈ፤ በሱዳን ኮድ በ249 የሚጀምር ጥሪ ያነሳ ሰው ፎቶውና ምስጢሩ ይሰረቃል ብሎ። ስልኬን ተቀብሎ እነዚያን ቁጥሮች ሁሉ ዘጋልኝ።

«ለደኅንነትሽ ነው እህቴ» አለኝ።

በመስከረም «እህቴ» ያለኝ ሰውዬ ሽማግሌ ላከ። አባቴ ለእሑድ ቀጠሯቸው። እኔም አዛናው ረስቶኛል ብዬ እሺ ልል ነበር።

ዓርብ ዕለት ከድንበሩ ማዶ ሱዳን ገላባት የምትነግደው ጎረቤቴ ረቢዓ መጣች።

«ከወዲያ ስደውል የማታነሺው ምን በድዬሽ ነው?»

«ቢሻው ዘግቶት ነው። የሱዳን ቁጥር የሌባ ነው አለኝ።»

«የሱዳን ሲም የሚሸጠው ማን ሆነና! ድንበር ጥግ ያሉት እርሻዎች ላይ ከሱዳን ሌላ ኔትወርክ የለም። ለአዛናውም ሲሄድ እሱው ነው የሸጠለት፤ ሱቁ ውስጥ ነበርሁ።»

የተዘጉትን ጥሪዎች ከፈትን። አንድ ቁጥር፣ ሃያ ሦስት ጊዜ። አለቀስሁ።

ቢሻው ሱቅ ሄድሁ። «የምትጠብቀኝ ከሌባ ነው ከአዛናው?»

«ምክሩ እኮ እውነት ነው፤ የሚያጭበረብሩ አሉ...»

«አሉ። አንተስ?»

አንገቱን ደፋ። «እወድሻለሁ፣ አየሁሽ።»

አሳዘነኝ። «ይህንን ብትነግረኝ እምቢ እልህ ነበር፤ ግን አከብርህ ነበር» ብዬው ወጣሁ።

ከዚያ ደወልሁ። ትራክተሩ ከጀርባው ያጓራል።

«አየሁሽ ነኝ።»

ሞተሩን አጠፋው።

«የጠላሽኝ መስሎኝ ተውሁት...»

«እሑድ አባቴ ለሌላ ሊሰጡኝ ነው። ትመጣለህ?»

እሑድ ጧት እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ በራችን ላይ ቆመ። ሽማግሌ የሚለምንበት ጊዜ አልነበረውም። የቢሻው ሽማግሎች አጉረመረሙ። አባቴ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አዩ።

«አንቺስ ምን ትያለሽ?»

እስከዚያ ቀን ማንም አልጠየቀኝም ነበር።

«እሱን ነው አባባ» አልሁ።