ሳይመጡ «መጣሁ»

ወገኖቼ፣ በቋንቋችን ውስጥ «መጣሁ» የምትባል አንዲት ቃል አለች። ግሷ የኀላፊ ጊዜ ነው፤ የተፈጸመን ነገር ትናገራለች። እኛ ግን ገና ከተቀመጥንበት ሳንነሣ እንላታለን። በዚህች ቃል ምክንያት ስሙን ያጣ አንድ ብረት በያጅ ጎረቤት አለኝ። ሰፈሩ ሁሉ «አቶ መጣሁ» ይለዋል።

ሰነፍ እንዳይመስላችሁ። ከማለዳ ጀምሮ የብየዳ መነጽሩ ከግንባሩ አይወርድም። ነገር ግን የአንዱን በር ማጠፊያ ሳይጨርስ የሌላውን መስኮት ያነሣል፤ መስኮቱን እንደያዘ ስልኩ ይጮኻል፤ «መጣሁ!» ይልና መሣሪያውን አንጠልጥሎ ይወጣል።

«መጣሁ እያለ የሚሄድ ሰው አንተን አየሁ!» ይለዋል ደጅ የቆመው ባለጉዳይ። እሱም አብሮ ይስቃል።

እግራቸው አልታዘዝ ያላቸው እናቱ ከእሱ ጋር ይኖራሉ። የዊልቸራቸው የፊት ጎማ ማያያዣ ብረት ተሰብሮ ከቤት ከዋሉ ሰንብተዋል። ከመንገዱ ማዶ ደግሞ ታላቅ እህታቸው ታመው ተኝተዋል።

«ልጄ፣ ይህችን ጎማ ብታያይዝልኝ? እታለምን ልያት።»

«መጣሁ እማዬ፣ ይህችን በር ላድርስ።»

ጎረቤቶች አዝለው ሊወስዷቸው ቢሉም፣ «ታዝዬ ብታየኝ በራሷ ሕመም ላይ የእኔን ትጨምርበታለች» ብለው እንቢ አሉ።

ሚስቱ አላስችል አላት። «የሰው በር ስትበይድ ትውላለህ፤ እማማ ግን ከበር መውጣት አቃታቸው።»

«ታዲያ የመጣውን ሰው ልመልሰው? ሰው ማስቀየም አልወድም።»

«እሳቸውንስ?»

«እማዬ አታኮርፍማ!»

«ስለማያኮርፉ ነዋ መጨረሻ የምታደርጋቸው!»

መልስ ሊሰጣት አፉን ሲከፍት ስልኩ ጮኸ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የአክስቱ ልጅ እየሮጠች መጣች። «እናቴ አንደበቷ ተያዘ!» አለች። በያጁ የያዘውን ብረት ጥሎ ወደ ቤት ገባ። ጎማዋን በየዳት። ሥራው ከዚያ ሁሉ «መጣሁ» ያነሰ ጊዜ ወሰደ፤ ብረቱ ሳይቀዘቅዝ እናቱን እየገፋ መንገዱን ተሻገረ።

እናት የእህታቸውን እጅ ያዙ። «እታለም፣ መጣሁ» አሉ።

የታማሚዋ ዓይን ተከፍቷል፤ ማንንም ግን አያይም ነበር።

«እታለም፣ መጣሁ እኮ!»

ልጅየው በሩ ላይ እንደቆመ መነጽሩን ከግንባሩ ወደ ዓይኑ አወረደ። በዚያ ቤት የሚበየድ ነገር አልነበረም።

አክስቱ ያንን ሳምንት አልጨረሱም።

ዛሬ ያ ሰው ማለዳ አንድ ሥራ ይመርጣል፤ እስኪፈጽመው ስልኩን አያነሣም። ለቀሪው ሰው «ዛሬ አልችልም፤ ሐሙስ ና» ይላል፤ ሐሙስም ይገኛል። ያኮረፉት ደንበኞች አሉ። እናቱ ሲጠሩት ግን በአፉ አይመልስም፤ የሚሰሙት ኮቴውን ነው።

ወገኖቼ፣ ቀን ከፈጣሪ የተቀበልነው አደራ እንጂ ለጠራን ሁሉ የምንበትነው ገለባ አይደለም። ከሁሉ የሚያሳዝነው፣ የማያኮርፉንን ሰዎች ተራ እየነጠቅን ለሚጮኹብን መስጠታችን ነው። እናንተም ዛሬ «መጣሁ» ብላችሁት ደጅ ደጁን የሚያይ ሰው ካለ፣ ይህን ጽሑፍ አስቀምጡና ተነሡ።