ትርንጎና የጨፌ ወንዝ ነዋሪዎች

ከትርንጎ ቤት በታች አንዲት ወንዝ አለች። ስሟ ጨፌ ይባላል።

ጨፌ ድንጋዩን እየታከከች፣ ሣሩን እየዳሰሰች ትወርዳለች። «ፏ... ፏ... ፏ...» ትላለች።

አምና ግን ጨፌ ታማ ነበር። ወንዝ ትታመማለች ወይ? አዎ፣ ወንዝም ትታመማለች።

የሰፈሩ ባለባጃጆች ባጃጃቸውን እዚያው ውስጧ ያጥቡ ነበር። ሳሙናውም፣ ዘይቱም፣ ጭቃውም ወደ ጨፌ ገባ።

ውኃዋ ሸተተ። ዓሦቿ ሞተው ተንሳፈፉ።

የትርንጎ እናት ያን ቀን በጣም አዘነች። «ከእንግዲህ እግርሽ እዚያ ውኃ ውስጥ እንዳይገባ» አለቻት።

ከዚያ ወዲህ ትርንጎ ጨፌን ዳር ላይ ቆማ ብቻ ታያት ነበር። ጨፌ ትናፍቃታለች፤ አጠገቧ ቆማም ትናፍቃታለች።

የሰፈሩ ሰዎች ተሰብስበው መከሩ። ለባጃጆቹም ራቅ ብሎ ሌላ ማጠቢያ ተሠራ። ክረምቱ መጣ፣ ክረምቱ ሄደ፣ ጨፌም ቀስ በቀስ ጠራች።

ዛሬ የትርንጎ አክስት ፀዳለ መጣች። ሐኪም ሰው እንደሚመረምር፣ አክስት ፀዳለ ደግሞ ወንዝ ትመረምራለች።

ረጅም ቦት ጫማ አድርጋለች። በአንድ እጇ መረብ፣ በሌላው ነጭ ሳፋ ይዛለች።

«አክስቴ፣ ጨፌ ድናለች?» አለች ትርንጎ።

«ገና እናያለን፣ የኔ እናት። ካልዳነች ግን እስከ መጪው ዓመት ውኃው ውስጥ መግባት የለም» አለች አክስት ፀዳለ።

አንድ ዓመት ለትንሽ ልጅ ብዙ ነው።

አክስት ፀዳለ ወንዙ ውስጥ ገባች። መረቧን ዘርግታ ከፊቱ ያለውን ጠጠር በእግሯ አመሰችው። «ቸብ! ቸብ! ቸብ!»

ከዚያ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ አንሥታ፣ በላያቸው ያለውን በእጇ ወደ መረቡ አጠበች። «እናንሣ። ቀስ ብለን እንይ። ቀስ ብለን እንመልስ» አለች።

ትርንጎም ከዳር ሆና አብራት አለች፦ «እናንሣ። ቀስ ብለን እንይ። ቀስ ብለን እንመልስ።»

አክስት ፀዳለ መረቡ የያዘውን ሁሉ ሳፋው ውስጥ ገለበጠች። «እስኪረጋ ጠብቂልኝ። እኔ ወደ ላይ ወጣ ብዬ ልምጣ» ብላ ሄደች።

ትርንጎ ሳፋው ላይ ጎንበስ አለች። ጭቃው ረጋ። ከዚያ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ።

ሌላም ተንቀሳቀሰ። የሚሳብ አለ፣ የሚዋኝ አለ፣ ብዙ እግር ያለው አለ፣ ጅራት ያለውም አለ።

ትርንጎ ደነገጠች። «ውኃው ተባይ አለበት። አሁን አክስቴ ጨፌ ቆሻሻ ናት ልትል ነው» ብላ አሰበች።

ትርንጎ ምስር መልቀም ታውቃለች። እናቷ ምስሩን ሰፌድ ላይ ስታፈስ፣ ነቀዙንና ጠጠሩን የምታወጣው እሷ ናት። ነቀዙ ከወጣለት፣ ምስሩ ንጹሕ ነው።

ስለዚህ ሳፋውንም እንደ ምስር ለቀመችው። ለቀም፣ ለቀም፣ ለቀም።

የለቀመቻቸውን ሁሉ ዳር ላይ ያለ ደረቅ ድንጋይ ላይ አስቀመጠቻቸው። በሥራዋም ደስ አላት።

አክስት ፀዳለ ተመለሰች። ሳፋውን አየች። አዙራም አየችው። ፊቷ ጠቆረ።

«ባዶ ነው» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «አንድም ነፍስ የለበትም። ጨፌ አልዳነችም።»

«ንጹሕ ነው እኮ፣ አክስቴ» አለች ትርንጎ።

«ወንዝ ስትታመም መጀመሪያ የሚሞቱት ከድንጋዩ ሥር የሚኖሩት ትንንሾቹ ነፍሳት ናቸው። እነሱ ካሉባት ደህና ናት። ከሌሉባት ግን ብትጠራም ታማለች።»

ትርንጎ ዞር ብላ ደረቁን ድንጋይ አየችው። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። ግን ዝም ካለች፣ ጨፌ ድና ሳለ ታማለች ልትባል ነው።

«ነበሩ፣ አክስቴ» አለች። «እኔ ለቀምኳቸው። እንደ ምስር።» እንባዋም ወረደ።

አክስት ፀዳለ አልተቆጣችም። «የት አደረግሻቸው?» ብቻ አለች።

ፀሐዩ በርትቶ ነበር። ድንጋዩ ግሏል። ትንንሾቹ ዝም ብለው ተኝተዋል።

አክስት ፀዳለ ሳፋውን በወንዙ ውኃ ሞላችው። ትርንጎም አንድ በአንድ፣ ቀስ አድርጋ መለሰቻቸው። ከዚያ ጠበቁ።

አንዱ ጅራቱን ነቅነቅ አደረገ። ሌላው እግሩን ዘረጋ። አንዱ ደግሞ ተነሥቶ መዋኘት ጀመረ።

አንዱ ግን አልተንቀሳቀሰም። ጠፍጣፋ ነው፤ ሦስት ቀጫጭን ጅራት አለው። ትርንጎ ብዙ ጠበቀችው፤ እሱ ግን አልነቃም።

«ይቅርታ» አለችው። በጣም አዘነች። አክስት ፀዳለም አጠገቧ ቁጭ ብላ እጇን ያዘቻት።

«ባለ ሦስት ጅራቱ የሚኖረው ደህና ውኃ ውስጥ ብቻ ነው» አለች አክስት ፀዳለ። «ወንድሞች እንዳሉት እንይ።»

ወንዙ ውስጥ ገብታ አንድ ድንጋይ ያዘች። «እናንሣ» አለች። «ቀስ ብለን እንይ» አለች ትርንጎ።

ከድንጋዩ ሥር አንድ ባለ ሦስት ጅራት ተለጥፏል። አጠገቡ ሌላ አለ። ከሱ አጠገብም ሌላ።

«ቀስ ብለን እንመልስ» አሉ ሁለቱም፣ በሹክሹክታ።

«ጨፌ ድናለች» አለች አክስት ፀዳለ። «ነይ ግቢ። የምትረግጪውን ግን እያየሽ።»

ሳፋውን ዘንበል አድርገው ትንንሾቹን ሁሉ ወደ ቤታቸው ሸኟቸው። ከዚያ ትርንጎ ጫማዋን አወለቀች።

ውኃው ቀዘቀዛት። አልዘለለችም፣ አልተንቦራጨቀችም። አሸዋውን እየመረጠች፣ ቀስ ብላ ገባች።

ማታ እናቷ የትርንጎን እግር በጋቢ ጠቀለለችላት። «ታዲያ ጨፌ ንጹሕ ሆነች?» ብላ ጠየቀቻት።

«ሰፈር ሆናለች፣ እማዬ። ከየድንጋዩ ሥር የሚኖር አለ።» አለች ትርንጎ። «አንዱ ግን በኔ ምክንያት ሞተ።»

እናቷ ወደ ደረቷ አስጠጋቻት። «አክስትሽ ነግራኛለች። እውነቱን መናገርሽንም ነግራኛለች።»

«ነገም ልግባ?»

«ትገቢያለሽ» አለች እናቷ። «እኔም አብሬሽ እገባለሁ። የት እንደምረግጥ ግን አንቺ ታሳይኛለሽ።»

ትርንጎም «እሺ» አለችና እንቅልፍ ወሰዳት።