ቀጥ ያለው መሪ

ሟቹ የተገኘው በገዛ ጣውላዎቹ ሥር ነው። የእንጨት ሥራ ቤቱን ግድግዳ ተደግፈው የነበሩት ወፋፍራም ጣውላዎች ወርደውበት፣ ከሰጋቱራው ውስጥ ሁለት እግሮቹ ብቻ ይታዩ ነበር። የሠራው በር ተዛንፎ ስለማያውቅ ሰፈርተኛው «ውሃልክ» ይለዋል። ከምሳ መልስ ያገኘው ታናሽ ወንድሙ ነው። በጩኸቱ ጎረቤት ተሰብስቦ ጣውላዎቹን አነሳ፤ ሰውየው ግን አብቅቶለት ነበር።

«አደጋ ነው» አለ ቀድሞ የደረሰው ፖሊስ። «ጣውላው ተንሸራቶ መታው፤ አለቀ።»

ጉዳዩን ልታጣራ የመጣችው ኢንስፔክተር አልፋው ወደ ሟቹ ሄደች። በዕድሜ ገፋ ያለች፣ አጭር፣ ቀስ ብላ የምትራመድ ሴት ናት። ባልደረቦቿ በሌለችበት «ወንፊት» ይሏታል፤ ወሬውን ሁሉ እንደ ዱቄት አሳልፋ እንክርዳዱን ብቻ ታስቀራለችና። ጎንበስ ብላ ከሟቹ ጆሮ ኋላ ያለውን ቁስል አየች። ጠባብና ጥልቅ ነው።

«ጣውላ ይጨፈልቃል እንጂ እንዲህ አይሰረጉድም» አለች። «ይኼን ሰው የመታው ጠርዝ ያለው ብረት ነው። ጣውላው የወረደው ከሞተ በኋላ ነው።»

ፖሊሱ ወደ ቁስሉ ጎንበስ አለ።

በሥራ ጠረጴዛው ላይ አንድ የብረት መላጊያ ተቀምጧል። ጎኑ ላይ በብሎን የታሰረ፣ በእጅ ብዛት የወዛ እንጨት አለ። ኢንስፔክተሯ በመሃረብ ያዘችው። ከበሩ አጠገብ ተቀምጦ የሚያለቅሰውን ታናሽ ወንድም ጠራችው።

«ይኼ እንጨት ምን ያደርጋል?»

«መሪ እንለዋለን። እዚሁ ራሳችን ነን የምንሠራው» አለ ዓይኑን እየጠረገ። «የጣውላውን ጎን ተደግፎ ስለሚሄድ መላጊያው ወዲያ ወዲህ አይዋልልም። ወንድሜ ያለ መሪ መላጊያ አይነካም ነበር።»

«ዛሬም በዚሁ ነው የሠራው?»

«አዎ። ጠዋት እኔ በሮቹን ስይዝለት እሱ ሲልግ ነበር። በሩ ሲዘጋ መቃኑን እንዳይነካ ጠርዙ ትንሽ ገደድ ማለት አለበት። ለዚህ ብሎ ትናንት የመሪውን ፊት ራሱ አጋደደው። ምሳ ሰዓት ላይ እኔ ማጠፊያ ላመጣ ወጣሁ።»

«እሱስ ምሳውን የት ይበላል?»

«እዚሁ። እትዬ፣ ሚስቱ ማለቴ ነው፣ አንድ ቀን አታስቀርበትም፤ ይዛለት ትመጣለች።»

ኢንስፔክተሯ ዙሪያውን ቃኘች። ሰሃንም፣ ምሳ ዕቃም የለም።

«ሌላ እዚህ የሚሠራ ሰው አለ?»

«ራዲዮ አለ። አፉን ስለማይከፍት ነው ራዲዮ ያልነው። ከወንድሜ ጋር ሙያውን አብረው ነው የተማሩት። ሳምንቱን ሙሉ ሰው ቤት መደርደሪያ ሲገጥም ነበር፤ ዛሬ ተመለሰ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እሱና እትዬ አንድ ጣሪያ ሥር አይቀመጡም። ድሮ ሁለቱ በሠሩት ሰገነት ላይ የእንጨት አጥሩ ተገንጥሎ የእትዬ ታናሽ እህት ወድቃ ሞታለች። አጥሩን የሠራው ራዲዮ ነው ተብሎ ታሰረ። እሱ እስር ቤት ሳለ ሚስቱም ሞተችበት። ሲፈታ ወንድሜ አዝኖ ሥራ ሰጠው። እትዬ ግን ስሙ ሲነሳ ከተቀመጠችበት ትነሳለች።»

የሟቹ ሚስት ቤት ከሥራ ቤቱ ጀርባ ነው። ሴትየዋ ቀጥ ብላ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ዓይኗ ደርቋል። ከበሩ ሥር ምሳ ዕቃ በጨርቅ ታስሮ ተቀምጧል።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት። ዛሬ ምሳውን አላደረሱለትም?»

«ልወጣ ስል ራሴን አመመኝ።»

«ሰው አልላኩም?»

«ማንን ልላክ?»

«ባለቤትዎን የሚጠላ ሰው ያውቃሉ? ራዲዮ የሚሉት ሰውዬስ?»

«እሱን ይተዉት» አለች ሴትየዋ ቶሎ ብላ። «እሱ መከራው የበቃው ሰው ነው።»

ኢንስፔክተሯ ነገሩን እንዳልሰማች ሆና ወጣች።

ራዲዮ በጓሮ በኩል ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ መሮ ይስላል። ትከሻው ሰፊ፣ ጸጉሩ የሸበተ ሰው ነው። ሰው ሞቶ እያለ ሥራውን አላቋረጠም።

«መቼ ተመለስክ?»

«ዛሬ።»

«ከምሳ በፊት ነው በኋላ?»

«በኋላ።»

«ዕቃህን ልየው?»

በእግሩ ሳጥኑን ገፋላት። መጋዝ፣ ማዕዘን የሚለካበት ስኳድራ፣ ካቻቢቴ፣ አንድ የብረት መላጊያ። መላጊያው ከሟቹ መላጊያ ጋር መንታ ነው። ጎኑ ላይ የብሎን ቀዳዳዎች አሉ፤ እንጨት ግን የለም።

«መሪውስ?»

«ተሰብሮ ጣልኩት። ድሮ።»

መላጊያውን ወደ ብርሃኑ አዙራ አየችው። ከዚያ ስኳድራውን «ላንድ አፍታ ልዋሰው» ብላ ይዛ ሄደች።

ፀሐይዋ ሳትጠልቅ ሁሉንም በሥራ ቤቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሚስቲቱ በአንዱ ጥግ፣ ራዲዮ በሌላው፣ ወንድምየው መሃል ላይ ቆሙ። ፖሊሱ በሩን ያዘ።

«ገዳዩ የመታው በዚህ መላጊያ ነው» አለች ኢንስፔክተሯ። «ብረት ይታጠባል፤ እንጨት ግን ደም ይጠጣል። ስለዚህ ብረቱን ጠርጎ መሪውን ፈታና እዚያ ጥግ ባለው ኮላ በሚሞቅበት ምድጃ ከተተው። አመዱ ውስጥ የከሰለ ጫፉን ከነብሎን ቀዳዳው አግኝተነዋል።»

«ምድጃ ውስጥ?» አለ ወንድምየው። «መሪውማ ይኸው ታስሮ የለም እንዴ?»

«ሌላ ነው። ውሃልክ ያለ መሪ እንደማይሠራ ሁሉም ያውቃል። ባዶ መላጊያ ቢገኝ ሰው ይጠይቃል። ስለዚህ ገዳዩ ሌላ መሪ አሰረበት። አንተው ና፣ ስኳድራውን ያዝ። ይኼን መሪ ለካው።»

ወንድምየው ለካ።

«ቀጥ ያለ ነው» አለ በሹክሹክታ።

«ጠዋት የተላገውን በር ለካ።»

«ይኼ ገደድ ያለ ነው። ገደድ ያለ መሆኑንማ አውቃለሁ፣ እኔው ነኝ የያዝኩለት።»

«በቀጥ ያለ መሪ ገደድ ያለ ጠርዝ አይወጣም። አንተ ይኼን ስለምታውቅ፣ ገድለኸው ቢሆን ኖሮ ቀጥ ያለውን አታስርም ነበር። ያሰረው ሰው ሙያውን ያውቃል፤ ትናንት ግን እዚህ አልነበረም። አሮጌው መሪ ፊቱ እንደተጋደደ አልሰማም። በእጁ ሲይዘውም በደም ስለተሸፈነ አላየም።»

ኢንስፔክተሯ ጣቷን በመሪው ላይ አሳረፈች።

«ይኼ መሪ ደግሞ ቀዳዳዎቹ ከመላጊያው ጋር ልክክ ብለዋል። አንድ ሰው እንዲህ ልክክ የሚል መሪ የሚኖረው መላጊያዎቹ መንታ ከሆኑ ብቻ ነው። ሁለት ጓደኛሞች በአንድ ልኬት አብረው በስተዋቸዋል።» ከሳጥኑ የወጣውን መላጊያ አነሳች። «ይኼ ጎኑ ላይ ዝጓል፤ መሪው የነበረበት ቦታ ብቻ ያብረቀርቃል። ድሮ ተሰብሮ ቢጣል ኖሮ እሱም ይዝግ ነበር። ዛሬ ነው የተፈታው።»

ወንድምየው ወደ ራዲዮ ዞረ። «ጋሼ! አንተ! እንጀራ ሰጥቶህ! ከመንገድ አንስቶህ!»

«ከመንገድ ማን ጣለኝ?» አለ ራዲዮ።

ድምፁ ዝገት የበላው ማጠፊያ ይመስል ነበር። ወንድምየው ዱላ ሊያነሳ ሲል ፖሊሱ ያዘው።

«የሰገነቱን አጥር የሠራው እሱ ነው» አለ ራዲዮ። «ነቀዝ የበላው እንጨት ነበር፤ ቀለም ቀብቶ ደበቀው። ፍርድ ቤት ቆሞ ‹እጁ የሱ ነው› ብሎ ማለብኝ። እኔ እንጨቱ መንቀዙን ስለማላውቅ ጓደኛዬ ተሳስቶ ነው ብዬ አመንኩ። ሚስቴ ሰው አጥታ ሞተች። ተፈትቼ ስመጣ አቀፈኝ፤ እኔም አቀፍኩት። እንጀራውን ስበላ ‹ተመስገን› እል ነበር።»

«ይኼን ሁሉ ማን ነገረህ?» አለች ኢንስፔክተሯ።

ራዲዮ አንገቱን ደፋ። ሰፈሩ የሚያውቀው ዝምታው ተመለሰ።

«ልንገርህ» አለች። «ለዓመታት ስምህን መስማት የማትፈልግ ሴት ዛሬ ‹እሱን ይተዉት፣ መከራው የበቃው ሰው ነው› አለችኝ። የሰው ጥላቻ በአንድ ቀን የሚጠፋው እውነቱን ሲያውቅ ነው። ምሳ አስቀርታ የማታውቅ ሴት ደግሞ ምሳ ዕቃውን አስራ ከበሩ ሥር ተወችው። ባሏ ብቻውን እንዲሆን።»

ወንድምየው ወደ ሚስቲቱ ዞረ። «እትዬ?»

ሚስቲቱ አንገቷን አልደፋችም።

«በቅርቡ ትኩሳት ይዞት ሲቃዥ ነው የሰማሁት» አለች። «የእህቴን ስም እየጠራ ‹እንጨቱ ነቅዞ ነበር፣ ማሪኝ› ይል ነበር። ሲድን ጠየቅሁት። ካደኝ። ከዚያ አመነ። ‹ያለፈ ነገር ነው፣ ዝም እንበል› አለኝ። ዝም እንበል! የእህቴን ገዳይ ስመግበው፣ ልብሱን ሳጥብለት ኖርኩ። የዚህ ሰው ሚስት ደግሞ በራፌ ላይ ቆማ እርዳታ ስትለምነኝ ‹የገዳይ ሚስት› ብዬ ውሻ ለቀቅኩባት። መደርደሪያ ወደሚሠራበት ቤት ሄጄ ሁሉንም ነገርኩት። ምሳ ሰዓት ብቻውን እንደሚሆንም ነገርኩት። ቢላ አልሰጠሁትም፤ እውነቱን ነው የሰጠሁት።»

«እሷ ምንም አላደረገችም» አለ ራዲዮ። «እጁ የኔ ነው።»

«ለምኖህ ነበር እንዴ?» አለ ወንድምየው። «ወንድሜ... ምሕረት አልጠየቀህም?»

«ጠየቀኝ። ሥራ ቤቱን እንካፈል አለኝ።» ራዲዮ መዳፎቹን አየ። «ሚስቴን መካፈል አይቻልም። መታሁት። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። አሁን ድካም ብቻ ነው ያለኝ።»

ፖሊሱ እጁን አሰረው። ኢንስፔክተሯ ወደ ሚስቲቱ ተጠጋች።

«እርስዎም ይነሱ። ጣቢያ ይጠየቃሉ። የሰጡት እውነቱን ብቻ አይደለም፤ ሰዓቱንም ጭምር ነው።»

ሴትየዋ ሻሿን አስተካክላ ወጣች። ራዲዮ አጠገብ ስትደርስ ቆመች። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ቀና ብላ ፊቱን ያየችው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«አንተ ደክሞህ ይሆናል» አለችው። «እኔ ግን አልደከመኝም።»

ከደጅ የቆመው የፖሊስ መኪና ውስጥ ቀድማው ገባች።