ለእማዬ ያላነበብኩላት መስመር

በቤታችን ማንበብ የምችል እኔ ብቻ ነኝ። ትምህርቴን ከአምስተኛ ክፍል ባቋርጥም የሐኪም ጽሑፍ እንኳ አያመልጠኝም፤ የሰፈሩ እናቶች የመድኃኒት ወረቀታቸውን ይዘው የሚመጡት ወደ እኔ ነው። "ትንሿ ዶክተር" ሲሉኝ ደረቴን እነፋለሁ።

እማዬ ፀጉር ሠሪ ናት። ቆዳዋ ድንገት ውሃ እየቋጠረ ይፈነዳ፣ ይላጥ ጀመር። ሐኪሙ "የራሷ ሰውነት ቆዳዋን እንደ ጠላት ቆጥሮት ነው፤ አይተላለፍም" ቢልም ደንበኞቿ አንድ በአንድ ጠፉ። ከእነሱ የባስኩት ግን እኔ ነኝ... ወደ ሆስፒታል ስንመላለስ አውቶቡስ ውስጥ ሰው ሲሸሻት እኔም አብሬ ሸሸሁ። የማላውቃት መስዬ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ከማህፀኗ ወጥቼ እንዲህ ያደረግኩ፣ ምን ዓይነት ልጅ ነኝ?

ሐኪሙ ባዘዘላት ክኒንና ቅባት ከወራት በኋላ ቁስሏ ደረቅ አለ፤ ደንበኞቿም አንዳንድ እያሉ ተመለሱ። የደም ምርመራ ውጤቷን አምጥታ "እስቲ አንብቢልኝ፣ የኔ ዶክተር" አለችኝ። የላይኛው ቁጥር የሰውነት መቆጣትን እንደሚያሳይ ነርሷ ነግራን ነበር። ከሰማንያ ወደ አስር ወርዷል። ከሥሩ ስኳር ይላል፤ ሦስት መቶ አርባ። ከጎኑ በቀይ እስክሪብቶ፣ "መድኃኒቱ ስኳር አስነስቶባታል፤ በዚህ ሳምንት ትምጣ" ተብሎ ተጽፏል።

አላየሁትም ብል ማን ያውቅብኛል? አይቼዋለሁ። ግን ያ አውቶቡስ፣ ያ የቅባት ሽታ፣ ያ የሰው ዓይን ትዝ አለኝ...

"ድነሻል እማ፤ ሁለተኛ መሄድ የለብሽም።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"ከእኔና ከአንቺ ማን ነው የተማረው?"

ሳቀች። ጉንጬን ስማኝ ወደ ሥራዋ ሄደች። ከዚያ ውሃ በላይ በላዩ ትጠጣ ጀመር፤ ከሳች፤ እግሯ ላይ የቀረችው ትንሽ ቁስል አልድን ብላ ጠቆረች። እኔ ግን ወረቀቱን አጣጥፌ ደብቄዋለሁ። አንድ ቀን የደንበኛ ፀጉር እንደያዘች ወደቀች። ሆስፒታል ስትነቃ ሦስት የእግር ጣቶቿ የሉም።

አልጋዋ ላይ ተደፍቼ ሁሉንም ተናዘዝኩ፤ ቀዩን ጽሑፍ፣ አውቶቡሱን፣ እፍረቴን። ክፍሉ ውስጥ ያሉት በሽተኞች ሁሉ ዞረው እስኪያዩኝ አለቀስኩ። ሰው ዕጣ ፈንታዬ ነው ይላል፤ የእማዬ ዕጣ ግን በእኔ እጅ የታጠፈች አንዲት ወረቀት ነበረች...

እማዬ ዓይኗን ከጣሪያው አልነቀለችም። እንባዬን ጠርጌ ትራስጌዋ የተቀመጠውን አዲስ የምርመራ ወረቀት አነሳሁ።

"ከእንግዲህ አንድም መስመር አልዘልም፣ እማ።"

"አስቀምጪው" አለችኝ። "ነርሷ ታነብልኛለች።"