ሣር የሌለው እንቁጣጣሽ

«እንቺ፣ ያንቺን ድርሻ!» ፍቅርአዲስ አንድ እቅፍ ነጭ አበባ ጓደኛዋ ስርጉት ጭን ላይ ዘረገፈችው። «ሣር ፈልገን ፈልገን አጣን። ነገ በዚሁ እንጨፍራለን።»

አበባው የፈሰሰ ቅንጨ ይመስላል፤ ስሙም ቅንጨ አረም ነው። ወደ መንደሩ ያመጣችውም ስርጉት ራሷ ናት።

ካቻምና ነው። ቆላው አደይ አበባ ስለማያበቅል የመንደሩ ልጆች እንቁጣጣሽን የሚጨፍሩት እርጥብ ሣር ይዘው ነው። ስርጉት ግን ከሁሉ ልትበልጥ፣ ሰሊጥ የሚጭኑ መኪኖች ከሚቆሙበት መጋዘን ጥግ ይህን ለቅማ መጣች። በየደጁ አደለችው። ሰዉም «እንደ አበባው ያፍካሽ!» ብሎ መረቃት። አበባው ምርቃቱን ለራሱ ወሰደው፤ ደረቀ፣ ተጣለ፣ በቀጣዩ ክረምት በየደጁ ፈካ።

ክረምት ክረምት መንደሩ ሙሽራ ይመስላል። ጉዱ የሚወጣው በበጋ ነው። ቅንጨው የዋጠው ሣር ሳያፈራ ይቀራል፤ ኅዳር ላይ የሚታጨድ ድርቆሽ ይጠፋል፤ ከብቱ ሲጨንቀው ያንኑ አረም ይግጣል፤ ወተቱ ይመራል። የሣር ዘር የሚለቅሙት ወፎች እንኳ ቀርተዋል።

ሻሽዬ፣ የስርጉት ክርስትና አባት ከሰጧት ጊደር የተወለደችው ላም፣ የጎድን አጥንቷ ከሩቅ ይቆጠራል። የስርጉት እናት ለልጇ ቁርጡን ነግራታለች፦ «ከበዓሉ ማግስት ወደ ሳንጃ፣ አጎትሽ ዘንድ ትሄዳለች። እዚህ ሣር ሲኖር ትመለሳለች።»

«ምን ትኮሳተሪያለሽ?» አለች ፍቅርአዲስ። «አበባ እኮ ነው!»

«ላሜን የበላት እሱ ነው።»

«ላም አበባ ስትበላ እንጂ አበባ ላም ሲበላ ሰምቼ አላውቅም!»

ስርጉት አልሳቀችም። አበባውን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅጥቃ ወሰደችና አቃጠለችው።

በእንቁጣጣሽ ጠዋት ጎረቤታቸው አያ ይርዳው በራቸውን ሲከፍቱ ስርጉት ቆማለች። አረሙ እንዳያሳክካት ሁለት እጇ ላይ ፌስታል አጥልቃለች።

«ሣሩስ የታለ?»

«የለም፣ አያ። የደጅዎን አረም ልነቅልልዎት ነው የመጣሁት።»

«በዓመት በዓል አረም? ምን ጉድ ነው!»

«ያመጣሁትም በዓመት በዓል ነው።»

ከወዲያ ሻሽዬ እምቧ አለች። ስርጉት ዞር አላለችም። ገና ብዙ ደጅ ይቀራታል፤ ላሟም የምትሄደው ነገ ነው። ጎንበስ ብላ የመጀመሪያውን ከነሥሩ ነቀለችው።